አባዬን ይዤ ወደ አፍዴራ

የምግብ ጠረጴዛችን ምግብ ካየ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። በአንደኛው ጫፍ የእኔ ደብተርና ላፕቶፕ ነው፤ በሌላኛው የአባዬ ዕቃ ተዘርግቷል። ሁለት ቺንጋ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የናፍጣ ፊልትሮ፣ አንድ ጣሳ ግራሶ። እማዬ ምሳችንን ሳሎን በትሪ እያቀረበች ዝም ብላ ታየናለች። ጠረጴዛው የሚለቀቅላት ከጥምቀት በኋላ ነው። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ገብቶ መንገዱ ሲከፈት፣ በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እኔና አባዬ በአንድ ላንድክሩዘር፣ ወንድሜና ጓደኛው በሌላ መኪና ከአዲስ አበባ እንወጣለን። በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ አድርገን እስከ አፍዴራ እንወርዳለን። አሳይታን ጨምሬ ደርሶ መልሱን 1,800 ኪሎ ሜትር ይዤለታለሁ።

አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ከ1970 እስከ 1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ ከነተሳቢው እየነዳ ስንዴና ማዳበሪያ ከወደቡ ወደ መሀል አገር ያመጣ ነበር። ከአዲስ አበባ አሰብ 880 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእኛ ቤት ግን ርቀቱ በቀን ነበር የሚቆጠረው። ሲመለስ ጋቢው ላይ የነበረው የናፍጣና የአቧራ ሽታ አሁን ድረስ በአፍንጫዬ አለ። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር ያ መንገድ ተዘጋ። አባዬም ከዚያ ወዲህ ከአዋሽ አልፎ አያውቅም፤ ከተማ ውስጥ የሠራተኛ ሰርቪስ ሲነዳ ቆይቶ ጡረታ ወጣ። መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ዜናውን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ነው ያየው፤ ተቀመጥ ብንለውም አልተቀመጠም። በማግስቱ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ መልሶ ተዘጋ። መንጃ ፈቃዱ እስካሁን ኪሱ ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ምንም ሳይነሳ፣ "ሰርዶን አንድ ጊዜ ባያት ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ፤ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችውን ሰርዶን ማለቱ ነው። አባዬ ይህን አደርጋለሁ እንጂ ይህ ቢሆንልኝ የሚል ሰው አይደለም። የዚያኑ ቀን ማታ ደብተር ገዛሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መንገዱን እንዲስልልኝ መጠየቅ ነበር። ስልኬ ላይ ካርታ አለ፤ ያለ ኔትወርክ የሚሠራውንም አውርጃለሁ። ግን እሱ መንገዱን እንዴት እንደሚያስበው ማየት ፈለግሁ። እስክሪብቶውን ይዞ ከታች ወደ ላይ አንድ መስመር ሳበ። ኪሎ ሜትር አልጻፈም። የጻፈው ስምና ከስሙ ጎን አንድ ሁለት ቃል ነው። አዋሽ አርባ፦ ከዚህ ወዲያ ጥላ የለም። ገዋኔ፦ ውኃው ለሻይ እንጂ ለራዲያተር አይሆንም። ሚሌ፦ ኬላ፣ ወረቀት። ሎግያ፦ እንቅልፍ። ሰርዶ፦ ነፋስ። እኛ የምንሄድበት የአፍዴራ መንገድ ከሰርዶ ላይ ወደ ሰሜን ይገነጠላል፤ እስክሪብቶው ግን እዚያ አልታጠፈም። ዶቢ፦ እሳት። ዲቾቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ከዚያ የወረቀቱ ጫፍ ደረሰና ቆመ። አሰብን የሚጽፍበት ቦታ አልቀረም። ዝም ብዬ ገጹን ገለበጥኩ።

ስለ መኪናው ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ እሱን ቶሎ ልጨርሰው። ላንድክሩዘሩ የድሮው ሃርድ ቶፕ ነው፤ ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር። ፈጣን አይደለም፣ ዳገት ላይ ያቃስታል። የመረጥነው ኮምፒውተር ስለሌለው ነው። ሎግያ ላይ ቢበላሽ የሎግያ መካኒክ በመፍቻ ይፈታዋል፤ ሚሌም ላይ እንደዚያው። ሁለት ታንክ አለው፣ እያንዳንዱ 90 ሊትር። አስፋልት ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ አሸዋና ኮረኮንች ላይ 18 እና 20 ብዬ ነው የማሰላው። ሰመራ ላይ ሁለቱንም ታንክ ሞልቼ ከወጣሁ፣ ከአፍዴራ ምንም ሳልቀዳ ተመልሼ ሰመራ እገባለሁ፤ ሲሶው ሳይነካ። ስለዚህ በጀሪካን ናፍጣ አልጭንም። በጀሪካን መቅዳት ፈቃድና ደብዳቤ የሚጠይቅ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከኋላ ወንበር የናፍጣ ሽታ እየሸተተ አባዬን ስድስት ሰዓት በሙቀት መውሰድ ደግሞ ሌላ። የጀሪካኑን ቦታ ለውኃ ሰጥቼዋለሁ።

ጎማ ላይ ግን ልቆይ፤ የተማርኩት በራሴ ወጪ ነውና።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ለሥራ ወደ ሰመራ ስንሄድ፣ ከጉዞው በፊት አራት "አዲስ" ጎማ ገዝቼ ነበር። ጥቁራቸው ያብረቀርቃል፤ ጥርሳቸው አልተነካም። ከገዋኔ ትንሽ ርቀን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ፣ የኋላው ግራ ጎማ ፈነዳ። የተቀደደው ከጎኑ ነው፤ የዘንባባ ቅጠል እንደሚሰነጠቅ ነው የተሰነጠቀው። ስኮርታውን ስናወጣ እሱም ነፋስ አልነበረውም። ክሪኩ ሥር የሚገባ ጣውላ ስላልያዝን አስፋልቱ ዳር ያለው አፈር ዋጠው። በዚያ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምን። በኋላ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ረድቶን ሚሌ ገባን፤ እዚያ ያለው ጎሚስታ የተቀደደውን ጎማ አገላብጦ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አሳየኝ። 2811። የ2011 ዓ.ም. መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በ28ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። እኔ ስገዛው ከአሥር ዓመት በላይ መጋዘን ተቀምጧል። የሸጠልኝ ሱቅ ያንን ቁጥር ማንበብ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። ጎማ ልትገዙ ስትሄዱ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ያንን አራት ቁጥር ፈልጉ፤ የመጀመሪያው ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻው ሁለቱ ዓመት ነው። ጎማ ቆሞም ያረጃል።

ለዚህ ጉዞ ሁለት ስኮርታ፣ ሁለት ካላማደሪያ፣ ከባትሪ የሚሠራ መንፊያና ለክሪኩ ሠላሳ በሠላሳ የሆነ ወፍራም ጣውላ ይዘናል። አስፋልቱን ለቀን አሸዋ ስንገባ ነፋሱን ከ38 ወደ 20 ፒኤስአይ እናወርደዋለን፤ ጎማው ተዘርግቶ እንዲረግጥ። አስፋልት ስንመለስ ሳንነፋ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አንነዳም። በነፋስ ያልሞላ ጎማ በፍጥነት ከተነዳ ከውስጥ ይቃጠላል። አባዬ ለዚህ መለኪያ አያስፈልገውም፤ በጫማው ጫፍ ረግጦ "አሁን በቃው" ይላል። ሁለት ጊዜ በመለኪያ አረጋገጥኩበት፤ አንዴ 21፣ አንዴ 20 ነበር።

የዚያን ቀን ገዋኔ አካባቢ ቆመን ሳለ የሆነውን ግን እስካሁን ሳልነግራችሁ ቀረሁ፤ የዚህ ሁሉ ዝግጅት መነሻ እሱ ነው።

ጎማው እንደፈነዳ ብዙም ሳይቆይ ከየት እንደመጡ ሳናይ አንድ አዛውንት የአፋር ፍየል ጠባቂና አንድ ልጅ መጡ። አዛውንቱ መኪናው ጥላ ሥር ቁጢጥ ብለው በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ልጁ አማርኛ ይሞክራል። መጀመሪያ የጠየቁን ውኃም ገንዘብም አይደለም። ከየት መጣችሁ? መንገድ ላይ ምን አያችሁ? አዋሽ ላይ ዝናብ አለ? ከብት አያችሁ? ወታደር አያችሁ? አንድ በአንድ ጠየቁን፤ የመለስነውን ልጁ ተረጎመላቸው። ከዚያ ደግሞ እሳቸው በተራቸው ነገሩን፦ ወደፊት ያለው ድልድይ እየተጠገነ እንደሆነ፣ በየትኛው በኩል እንደምናልፍ፣ አንድ መኪና ግመል ገጭቶ ካሳው በሽማግሌ እየታየ ስለሆነ እዚያ ሰው ተሰብስቦ ብናይ እንዳንደነግጥ። ሲጨርሱ በቆዳ ዕቃ ከያዙት ወተት ሰጡንና ሄዱ። ማታ ሚሌ ሻይ ቤት ስንቀመጥ ሻዩን የሚቀዳው ልጅ "ጎማ የፈነዳባችሁ ሁለቱ ሴቶች እናንተ ናችሁ?" አለን። በስልክ ለማንም አልነገርንም። ወሬው እኛን ቀድሞን ደርሷል።

አፋሮች ይህን ዳጉ ይሉታል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታው ብቻ አይበቃም፤ ያየኸውንና የሰማኸውን ትናገራለህ፣ እሱም ይናገራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ የትኛው እንግዳ አለፈ። ያላዩትን አየሁ ማለት ትልቅ ነውር ነው፤ የሌላው ከብትና ሕይወት በዚያ ቃል ላይ ያድራልና። እኔ ካርታዬን እወዳለሁ፤ ጂፒኤሱንም እይዛለሁ። ግን ካርታው የነገረኝ ድልድይ አለ ብሎ ነበር፤ ድልድዩ እየተጠገነ መሆኑን የነገሩኝ ፍየል ጠባቂው ናቸው። ስለዚህ የጉዞዬን እቅድ ከዚያ ከሚኖር ሰው ቃል ነው የምጀምረው፤ ካርታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቃሉ የሚመጣልን ከሎግያ ነው። የአባዬ የድሮ ረዳት እዚያ ቀርቶ፣ አፋር አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ አሁን መለዋወጫ ይሸጣል። ሃያ ሰባት ዓመት በስልክ ብቻ ነው የሚገናኙት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባዬ ይደውልለታል። "ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ" ብሎ ጤንነቱን ይጠይቅና ዳጉውን ይጀምራል፤ ሚስቱ ከኋላ ሆና ያልጠራውን ታርማለች። አባዬ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ኅዳር 14 ግን እሱ ራሱ ነበር የደወለው። እሁድ ነበር፤ ሃይሊ ጉቢ የፈነዳበት ቀን። ከኤርታሌ ደቡብ ምሥራቅ፣ ለአፍዴራ ቅርብ የሆነ፣ ከዚያ በፊት ሲፈነዳ ታይቶ የማይታወቅ እሳተ ገሞራ ነው። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ድረስ ሄደ፤ በረራዎች ተሰረዙ። ዓለም ስለ አውሮፕላኑ ሲያወራ የሎግያው ሰው የነገረን ስለ ሣር ነበር። "አመዱ ሣሩን ሸፍኖታል ጋሼ፤ ፍየሎቹ የሚበሉት አጡ።" በየእሁዱ ከዚያ ወዲህ የምንጠይቀው መጀመሪያ ይህን ነው።

እቅዳችን ላይ ያመጣው ለውጥ አለ። ኤርታሌን ትተነዋል። ኤርታሌ ራሱ በሐምሌ እንደገና ፈንድቷል፤ ሁለቱ እሳተ ገሞራዎች በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ቅር ብሎታል፤ እሱ ጉዞውን ያሰበው ለእሳቱ ነበር። እኔ ግን የሚንቀሳቀስ ምድር ላይ፣ 74 ዓመት ሰው ይዤ፣ ለፎቶ ብዬ አልወጣም። በቃ። ሁለተኛው ለውጥ ፊልትሮ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ እንደ ምድጃ አመድ ለስላሳ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ይደፍነዋል። ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ትርፍ ይዘናል። መስታወት ላይ ሲያርፍ ደግሞ መጥረጊያውን ደረቅ ማስነሳት አይገባም፤ መስታወቱን ይፍቀዋል። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ያለ ግፊት።

ውኃውስ? ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠቢያ በቀን ስምንት ሊትር አስቤአለሁ። ከሰመራ ወዲያ አምስት ቀን፣ አራት ሰው፣ 160 ሊትር። ለሁለቱ ራዲያተሮች 20 ሊትር ንጹሕ ውኃ ለብቻው፣ ምልክት ተደርጎበት። በዚህ ላይ 60 ሊትር ጨምሬአለሁ፤ ይህ ለእኛ አይደለም። በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ያውቃል፤ ልጆችና እናቶች ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ባዶ ሃይላንድ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ሳንቲም አይደለም የሚለምኑት። ባለፈው ጊዜ ለእኛ ብቻ ስለያዝኩ አንዷን እናት አልፌያት ሄጃለሁ፤ በመስታወት ሃይላንዱን ዝቅ ስታደርግ አይቻታለሁ። ይህን ጊዜ አላልፍም። ፖርቶ መጋላው ክብደት ስለማይወድ ውኃውን ከውስጥ፣ ከወለሉ፣ ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ አስደግፈን ነው የምንጭነው።

ባለፈው ቅዳሜ አባዬ ጀሪካኖቹን ፈተናቸው። አሥራ ሁለቱንም በውኃ ሞልቶ፣ ክዳናቸውን አጥብቆ፣ በረንዳው ላይ በጋዜጣ ላይ ደፍቶ አሳደራቸው። ጠዋት እየዞረ ጋዜጣውን በእጁ ዳበሰ። ሁለቱ ሥር ጋዜጣው ረጥቧል። ክዳናቸው ውስጥ ያለው ጎማ ደርቋል፤ ከአሮጌ ካላማደሪያ በመቀስ ቆርጦ ተካላቸው፣ እንደገና ደፋቸው፣ እንደገና አሳደራቸው። ከዚያ አንዱን ጀሪካን በጆንያ ሰፋው። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የጆንያ መርፌውን ክር ላስገባልህ ስለው አልሰጠኝም። "ጆንያውን ትነክሪዋለሽ፣ ከውጭ በነፋሱ በኩል ታስሪዋለሽ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ጆንያውን ያደርቀዋል፣ ሲያደርቀው ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ዶቢ ላይ እንኳ ጥርስ የሚያስነክስ ውኃ ጠጥተናል።" ትናንት በከተማው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ ሞከርኩት። ቀዝቅዟል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ስለ በረሃ ጉዞ ስንነጋገር የሚረሳው ይህ ነው። አባዬ የደም ግፊት አለው። ለዓመታት የወሰደው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ውኃና ጨው በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ መድኃኒት ነው። ላብ በሚያንጠፈጥፍ ሙቀት ውስጥ ግን ሰውነት በሁለት በር ውኃ ያጣል። ይህን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ሄድን፤ ከጉዞው በፊት ለመላመጃ ጊዜ እንዲኖረው ቀድሞ ቀየረለት። እናትና አባት ይዛችሁ ወደ ቆላ የምትወርዱ ሁሉ የመድኃኒታቸውን ስም ጽፋችሁ ሐኪማቸውን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙ፣ አትቀንሱም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ መያዣው ቀዝቃዛ ይሁን፤ በረዶ ግን አይንካው።

ኦአርኤስ 30 ከረጢት ይዣለሁ፤ አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፣ ለአንድ ብርጭቆ አይደለም። ከሁሉም በላይ ለወንድሜና ለጓደኛው ደጋግሜ የነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ሰው በሙቀት ራሱን ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ከሆነ ጥላ፣ ውኃና እረፍት ይበቃዋል። ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ የት እንዳለ ከጠፋው፣ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ከጋለ ግን እረፍት አይበቃውም። ያኔ ልብሱን ማላላት፣ መላ ሰውነቱን በውኃ ማራስ፣ በያዙት ሁሉ ማራገብ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። የመጠጥ ውኃ ነው ብሎ መሰሰት የለም። የወባ መከላከያና አጎበርም ይዘናል፤ አዋሽ ባለበት ሁሉ ወባ አለ።

የሰዓቱን ነገር አባዬ ነው የወሰነው። ጎህ ሲቀድ ተነስተን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት እንነዳለን፤ ከዚያ ጥላ። ከ10 ሰዓት በኋላ ትንሽ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያ። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ስንወጣ ብቻ ነው በጨለማ የምንነዳው፤ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ታጥሯል። ከአዋሽ ወዲያ ሌሊት አንነዳም። የጅቡቲ ከባድ መኪኖች፣ አስፋልቱ ስለሚሞቃቸው እላዩ ላይ የሚተኙ ግመሎች፣ መብራት የሌለው ተሳቢ አለ። "የሞቱት ጓደኞቼ በሌሊት ነው የሞቱት" አለኝ፤ ከዚያ በላይ አላብራራም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ወረቀቱ ይኸው ነው፦ ሰመራ ስንደርስ ከክልሉ ቱሪዝም ቢሮ ደብዳቤ፣ የአካባቢውን ቋንቋና መንገድ የሚያውቅ መሪ። ከመሪው ጋር ስለ ዋጋ አልከራከርም። ከአስፋልት ስንወጣ የተረገጠ የመኪና ዱካ ካልሆነ አንነዳም። አንደኛ ጨው ምድሩ ላይ ከላይ ድንጋይ የሚመስለው ቅርፊት ሥሩ ጭቃ ነው፤ የተጫነ መኪና ይሰብረውና እስከ ሆዱ ይገባል። ሁለተኛ፣ ክልሉ ጦርነት ያለፈበት ነው፤ ያልፈነዳ ነገር የት እንደቀረ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው።

አፍዴራ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት። በየቤታችን ወጥ ውስጥ ያለው ጨው አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ሐይቅ ነው። ዳር ዳሩ ፍል ውኃ አለ፤ አባዬ ጉልበቱን ሊነክር ነው ሐሳቡ። ሁለት ሌሊት እናድራለን። ከዚያ ተመልሰን አሳይታ፣ አዋሽ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የምናይበት፤ ከጊንጪ አጠገብ የምናውቀው ወንዝ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚያልቅ መሆኑን ሁልጊዜ ሳስበው ይገርመኛል።

ወንድሜ እስካለፈው ሳምንት ድረስ አባዬን ሰመራ ሆቴል እናስቀምጠው ይል ነበር። ስለሚወደው ነው፤ እኔም ሌሊት ሌሊት ያንኑ ሳስብ አድሬአለሁ። ሐኪሙ የፈቀደው በሁኔታ ነው፦ ግፊቱን ጠዋትና ማታ እንድለካ፣ ቁጥሩ ካላማረኝ እንድመለስ። የመመለሻ ቁጥሩን ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ፤ አባዬም አንብቦ ፈርሞበታል። መንገድ ላይ ክርክር እንዳይኖር ነው። ያንን ፊርማ ሲያይ ወንድሜ ዝም አለ፤ ትናንት ለአባዬ አንገት የሚደግፍ ትራስ ገዝቶ መጣ።

ትናንት ማታ ዕለት በዕለት የምናርፍባቸውን ቦታዎች ለአባዬ አነበብኩለት። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ቁርስ። ገዋኔ፣ ጎማ ማየት። ሎግያ፣ አዳር፣ ረዳቱ ቤት እራት። ሰርዶ ስደርስ አስቆመኝ።

"እዚያ ስንት ደቂቃ ያዝሽ?"

"አልያዝኩም፤ መታጠፊያ ብቻ ነው።"

ሰርዶን በ1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት ነበር፤ እሱ የሚያውቃት ከዚያ በኋላ የቀረችውን ነው። ጥቂት ቤት፣ ነፋስ፣ መንገዱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ። መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

"አፍዴራ በግራ ነው፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን ከመታጠፍሽ በፊት ዳር ያዥና ሞተሩን አጥፊልኝ። ወደዚያኛው በኩል ትንሽ በእግሬ ልሂድ።"

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሰርዶ መገንጠያ፦ አንድ ሰዓት።